ላስቲኩ ያልተነሳለት ወንበር

አንድ ሰው ነበረ። የሰው ጆንያ በመሸከም የጀመረ፣ ጨው በስኒ እየሰፈረ የቸረቸረ፣ ኋላ እህል በኩንታል የነገደ፣ በመጨረሻም ከፋብሪካ የወጣች አዲስ መኪና የገዛ ሰው። በሰፈሩ ያሉት ሌሎች መኪኖች ሰው ነድቶ የጠገባቸው ነበሩ። የእሱ ግን ስትመጣ ወንበሯ ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም።

ጥያቄህን አልዘለልኩትም። «ለሚስቴ ያጎደልኩት ነገር የለም፤ ታዲያ በቤቴ እንግዳ ነኝ የምትለኝ ለምንድን ነው?» ብለህ ነው የጠየቅኸኝ። ይዤዋለሁ። አንተ ደግሞ የዚህን ሰው ነገር ያዝልኝ።

መኪናዋ ስትመጣ ወንበሮቿ ላስቲክ ለብሰው ነበር። እስኪሸጥ ድረስ አቧራ እንዳይነካው ፋብሪካው የሚያለብሰው ስስ ላስቲክ ነው። ሰውየው አላነሳውም። መቼም በአገራችን ይህን የሚያደርግ እሱ ብቻ አይደለም። ፍራሹን ከነላስቲኩ የሚተኛበት፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ከነላስቲኩ የሚጫነው ብዙ ነው። እኒያ ግን ልማድ ሆኖባቸው ነው። የእሱ በሒሳብ ነበር። «መኪና ይገዛል፣ መኪና ይሸጣል» ይል ነበር። «ገዢ በር ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው ወንበር ነው። ወንበሩ ላስቲኩን እንደለበሰ ከቆየለት፣ ሳይከራከር ይከፍላል።» ስለዚህ ይህ ሰው ቁልፉን በተቀበለባት ዕለት ስለ መሸጧ አሰበ። መንዳቱን ገና አልጀመረም።

ከተማቸው ቆላ ናት። ከቀትር በኋላ ያ ላስቲክ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፤ ሲነሱ ቆዳ ይዞ የሚቀር ይመስላል። ሚስቱ መጀመሪያ ሳቀችበት።

«ይህ መኪና ነው ወይስ የሱቅ ብስኩት? ወረቀቱ የሚቀደደው መቼ ነው?»

«ይደርሳል» አላት።

ክረምት አለፈ፣ በጋ ገባ። ቀሚሷ በላብ እየራሰ፣ ነጠላዋ እየተጣበቀ አስቸገራት። «እባክህ አንሳው» አለችው። «ይደርሳል» አላት። ከዚያ መጠየቋን ተወችና ወደ ገበያም ወደ ቤተ ክርስቲያንም በጎረቤታቸው ሚኒባስ መሄድ ጀመረች።

ያ ጎረቤት ቀልድ ካልነገረ ምግብ የማይወርድለት ሰው ነው። አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ ጠራው።

«ጋሼ፣ ይህችን መኪና ለመቼ ነው የገዛሃት?»

«እንዴት ለመቼ?»

«አይ፣ እትዬን በየቀኑ እኔ ስለማደርሳት ነው። መኪናዋ ገና ምርቃት የምትጠብቅ ከሆነ ብዬ።»

ሰውየው ሳቀለት፤ ውስጡ ግን አልሳቀም። በዚያ ሰሞን የሚስቱ ታናሽ ወንድም ሊያገባ ቀን ቆርጦ ነበር። እናታቸው ቀድማ ስላረፈች ያሳደገችው እሷ ናት፤ በሰርጉም ቀን በአጀቡ ውስጥ ከሙሽራው መኪና ቀጥሎ የምትሄደው እሷ ናት። ባልየው ይህን ሲያስብ ደረቱ ተነፋ። «መቼም ያን ዕለት በእኛ መኪና ነው የምንሄደው» አላት።

«አንተ በመኪናህ ና» አለችው። «እኔ በሚኒባሱ እመጣለሁ።»

ሳትቆጣ ነው የተናገረችው። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ቁጣ ይበርዳል፤ ይህ ግን ቀድሞውኑ የበረደ ነገር ነው። ሰውየው ያን ዕለት እንቅልፍ አጣ። የሙሽራው እህት በሚኒባስ ተጨናንቃ፣ ባሏ ባዶ መኪና እየነዳ ከኋላ ሲከተል ታየው። አክስቶቿ ምን ይላሉ? «ተፋቱ እንዴ?» ይላሉ። ከሰው አፍ በላይ ያስፈራው ግን ሌላ ነበር፤ አክስቶቿ የሚሉት እውነት ሊሆን ትንሽ ብቻ የቀረው መሰለው።

ሲነጋ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ እንደ ልጅም አስፈነጠዘው። «ሌዘር አለብሳታለሁ!» አለ። ሌዘር አያጣብቅም፣ ያምራል፣ ይከብራል። ንግሥት እንኳ ብትቀመጥበት አትነቅፈውም።

ወደ ወንበር አልባሾቹ ሄደ። ወሩ የሰርግ ወር ነውና ሁሉም እጃቸው ሞልቷል፤ «ከሰርጉ በኋላ ና» አሉት። ይህም አላስከፋውም። ሌላ ሰው ሊሠራለት የሚችለውን ራሱ ሠርቶ ነው ሰው የሆነው። ተሰፍቶ ያለቀ፣ ከእሱ መኪና ወንበር ልክ የሆነ፣ ቡናማ ሆኖ ዳር ዳሩ በነጭ ክር የተሰፋ አንድ ሙሉ የሌዘር ልብስ ገዛ። እቤቱ እስኪደርስ አላስቻለውም፤ መንገድ ዳር ቆሞ ጥቅሉን ፈታና አሸተተው። አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ይሸታል። ራሱን እያወዛወዘ፣ ብቻውን እየሳቀ ነዳ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ሽንኩርት ለመክተፍ ወደ ሙሽራው ቤት እንደሄደች ግቢውን ዘጋና እጅጌውን ሰበሰበ። ሌዘሩን መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲለሰልስ ይሳባል። ከወንበሩ አናት ላይ የራስ መደገፊያዎቹን ነቀለ። የፊተኛውን ወንበር ወደ ኋላ ገፍቶ ከሥሩ ያለውን ሽቦ አየ፤ የልብሱ ማሰሪያ መንጠቆ አለውና እዚያ ሽቦ ላይ ነው የሚያዘው። ሁሉ ገባው። ሲገባው ደግሞ ይበልጥ ጓጓ። «ይህን ነው እንግዲህ ወረፋ ያስያዙኝ!» እያለ በሰዎቹ ሣቀባቸው።

ከዚያ እጁ ላስቲኩ ላይ ደረሰና ቆመ።

ጠርዙን ይዞ ትንሽ አሰበ። ሊቀደው ምንም አልቀረውም ነበር። ነገር ግን ያ የድሮ ሒሳቡ ተነሳበት። «ለምን እቀደዋለሁ?» አለ። «ሌዘሩ ላስቲኩን ይጠብቃል፣ ላስቲኩ ጨርቁን ይጠብቃል። ስሸጣት ሌዘሩን እገፋለሁ፣ ላስቲኩን አነሳለሁ፣ ወንበሩ እንደ ተወለደ ይገኛል። ማን ያየዋል?» በዚህ ብልሃቱ ደስ ብሎት ጉልበቱን መታ። በአንድ ሥራ ሚስቱንም ገዢውንም ደስ ሊያሰኝ ነው።

ስለዚህ ሌዘሩን በላስቲኩ ላይ አለበሰው።

ሥራው ግን እንዳሰበው አልሄደም። በግራ በኩል ሲስበው በቀኝ ይሸበሸባል። በቀኝ ሲያስተካክለው በግራ ይላላል። ከመቀመጫውና ከመደገፊያው መሐል ባለው ክፍተት ጨርቁን አሾልኮ ከኋላ ይስባል፤ መጥቶለት መንጠቆውን ሲያይዝ መልሶ ይንሸራተታል። «አስፍተው ሰፍተውት ይሆን እንዴ?» ብሎ ሰፊውን ጠረጠረ። እጁን ከወንበሩ ሥር ሲከት የሽቦው ጫፍ ጣቶቹን ላጣቸው። እሱ ግን አልተወም፤ ጥርሱን ነክሶ መንጠቆዎቹን አጠበቃቸውና በመዳፉ ሌዘሩን አለሰለሰው። ከሩቅ ሲያዩት አምሯል።

ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ ሲያየው ቆይቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ሰው በሰርግ ዋዜማ ቆዳ ይገፋል። አንተ ታለብሳለህ?»

«ደንበኛህን ልቀማህ ነው።»

«እትዬን?» አለ ጎረቤቱ። «እሷን ከወሰድክብኝ ነገ በአጀቡ ላይ መንገድ እለቅልሃለሁ። ለማንም ለቅቄ አላውቅም፤ ታውቀኛለህ።»

እሑድ ጠዋት ሚስቱ በጥበብ ቀሚሷ አጊጣ ከቤት ወጣች። የጎረቤቷ ሚኒባስ ከበራቸው ፊት ለፊት ቆሟል፤ አክስቶቿና የአጎቶቿ ልጆች ተሳፍረውበት ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል። ወደዚያው ስትሄድ ባሏ መኪናውን ወደ ደጅ አስወጥቶ የፊተኛውን በር ከፈተላት። 

ቆማ አየች። ጎንበስ ብላ ነጩን ስፌት በጣቷ ዳሰሰችው።

«ማን አለበሰው?»

ጣቶቹን ዘርግቶ አሳያት። ሽቦ የላጠው በየቦታው ቀልቷል።

ያን ጊዜ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ገባችና ተቀመጠች። ከሚኒባሱ እልልታው ጨመረ። ሰውየው በመኪናዋ አፍንጫ ዞሮ ወደ መሪው ሲሮጥ እግሩ መሬት የነካ አልመሰለውም። ሞተሩን አስነሳ፣ ክላክሱን ነፋ፣ ተነሳ።

ከበራቸው ትንሽ አለፍ ብሎ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። እዚያ ሲደርስ ፍሬን ያዘ።

ሌዘሩ ከነሚስቱ ሸሸ። ምንጣፍ ከሥሯ እንደተሳበ ሰው ወደ ፊት ተንሸራትታ ጉልበቷ ዳሽቦርዱን መታው። ከሥሯም ያ ድምፅ ወጣ፤ ክሽክሽ የሚለው፤ ከሌላ ነገር ጋር የማታምታታው ድምፅ።

 ወገቧን አንስታ መልሳ ተቀመጠች። ክሽክሽ አለ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ባልየው መሪውን ይዞ ፊት ለፊት አየ። «ላስቲኩ ነው» አለ። «ምንም አይነካሽም እኮ። ከሥር ነው።»

«ከሥር ምን ያደርጋል?»

«ስንሸጣት... ለሚገዛው ሰው ብዬ ነው።»

«ማን ነው የሚገዛው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ለማታውቀው ሰው ነው እንግዲህ የምትጠነቀቀው» አለችው ድምፅዋን ሳታነሳ። «እሱ ይቀመጥበት። ቦታው የሱ ነው።»

በሩን ከፈተችና ወረደች። የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ወደ ሚኒባሱ ተራመደች። ከበሮው ቆመ። አክስቶቿ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ ብቻ «ምነው ልጄ?» አለች።

ሰውየው ሊያያት ሲዞር የእሱም ወንበር ከሥሩ ክሽክሽ አለበት። ባዶውን ወንበር አየው። ሌዘሩ ተጨማዶ ወደ ፊት ሄዷል፤ በጎኑ በኩል የላስቲኩ ጠርዝ እንደ ዝርክርክ ሰው ሸሚዝ ተንጠልጥሎ ወጥቷል። ያን የሚገዛውን ሰው ፊት ለማሰብ ሞከረ። ፊት የለውም። ስም የለውም። እስካሁን የሠራውን ሒሳብ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ዳግመኛ ሠራው፤ ለዚያ ፊት ለሌለው ሰውዬ እስከ ዛሬ ሾፌር ሆኖ ኖሯል። ያውም ያለ ደመወዝ። የገዛ ሚስቱን ደግሞ በዚያ ሰውዬ መኪና በልመና እንደተሳፈረች መንገደኛ ሲያስቀምጣት ከርሟል።

ዘሎ ወረደ። ወደ ግቢው ሮጦ ቢላዋ ይዞ ተመለሰ። ቢላዋ የያዘ ሰው ሲሮጥ ያዩ አክስቶች ጮኹ። እሱ ግን ከወንበሩ ሥር ተንበርክኮ መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ ፈታ፣ ሌዘሩን ገፎ የመኪናዋ ጣሪያ ላይ ጣለ፣ ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ቀደደው። የመቀደዱ ድምፅ እስከ ሚኒባሱ ተሰማ። ሰው ሁሉ ወርዶ ከበበው።

ከላስቲኩ ሥር የወጣውን ሲያይ ሰውየው ራሱ ደነገጠ። ጨርቁ ሻግቷል። በላስቲኩ ጠርዝ ሰርጎ የገባው ላብና እርጥበት መውጫ አጥቶ ነጠብጣብ ሠርቶበታል፤ ሽታው አፍንጫ ይይዛል። ለገዢው እንደ ተወለደ ሲጠብቅለት የኖረው ወንበር ይህ ነበር።

ጎረቤቱ አፍንጫውን ይዞ ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ ያ ገዢ ሰውዬ ይህን ቢያይ ገንዘቡን አስመልሶ ለፖሊስ ይነግርብህ ነበር።»

 የሰውየው ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ያለቀሰ መስሏቸው ነበር፤ ሲያዩት ይስቃል። አንዲት አክስት ለሰርጉ የያዘችውን የአረቄ ጠርሙስ ከነጠላዋ ሥር አወጣች። «ሻጋታ የሚፈራው ይህን ነው» ብላ ጨርቅ ላይ አፈሰሰችለት። ፈተገ፣ አፈሰሰች፣ ፈተገ።

«ወንበሩ ከእኛ ቀድሞ ጠጣ እኮ» አለ ጎረቤቱ።

«አንተ ምን አስቸኮለህ? መሪ የምትይዝ አይደለህም?» አለችው አክስቲቱ፤ ጠርሙሱንም ከእሱ አራቀችው።

በሮቹን ሁሉ ከፋፈቷቸው። አረቄ ቶሎ ይተናል፣ የቆላ ፀሐይም አትለግምም፤ ጨርቁ ወዲያው ደረቀ። ሰውየው ሌዘሩን መልሶ አነሳና መደገፊያው ላይ አጠለቀው። ከዚያ ቀና ብሎ ሚስቱን ፈለገ። ከሚኒባሱ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። ይቅርታ ይጠይቃል ብለው ሁሉም ጠበቁ።

«ነይ» አላት። «ይህን ከኋላ ያዢልኝ። ብቻዬን እምቢ ብሎኛል።»

ትንሽ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን ለአክስቷ ሰጥታ መጣች። ከኋላ ወንበር ላይ በጉልበቷ ቆማ በክፍተቱ ያሾለከላትን ጫፍ ተቀበለችና ሳበችው። እሱ ከፊት በጉልበቱ ጫነ፤ እሷ ከኋላ ሳበች። ሌዘሩ ጨርቁን ነከሰ። አልሸሸም። መንጠቆዎቹ ቦታቸውን ሲይዙ ጠቅ ጠቅ አሉ። ሰፊውን የጠረጠረበት ያ ሌዘር ከበሮ እንደተወጠረ ልክ ሆኖ ተቀመጠ።

ሌሎቹን ወንበሮች ለማደስ ጊዜ አልነበረም፤ ሙሽራው ይጠብቃል። ስለዚህ ሚስቱ በተስተካከለው ወንበር ላይ ረግታ ተቀመጠች፤ እሱ ግን በላስቲኩ ላይ እንዳለ ነዳ። በየኩርባው ይንሸራተታል፣ በየፍሬኑ ይሸሻል። እሷ እጅጌውን ይዛ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች፤ ስትመልሰውም እየሳቀች፣ «እንዴት ነው ወንበሩ? ተመቸህ?» ትለዋለች። «ዝም በይ፣ እየነዳሁ ነው» ይላታል፤ ከመሳቁ የተነሳ ግን መንገዱ በደንብ አይታየውም። ክላክሱ፣ ከበሮው፣ እልልታው ከተማዋን ሞላት። ጎረቤቱም እንዳለው ሚኒባሱን ወደ ዳር አውጥቶ መንገድ ለቀቀላቸው። ከሙሽራው መኪና ቀጥለው ገቡ። በማግሥቱ ባልና ሚስት የቀሩትን ወንበሮች አብረው ገፈው ፀሐይ ላይ አሰጧቸው። ያች መኪናም እስከ ዛሬ አልተሸጠችም።

እንግዲህ ልጄ፣ ወደ አንተ ልመለስ።

ከመጣህ ጀምሮ ለሚስትህ ያደረግህላትን ስትነግረኝ ቆየህ። አልጋው፣ ማቀዝቀዣው፣ ልብሱ፣ ለእናቷ የላክኸው። ሁሉም ሌዘር ነው፤ ጥሩ ሌዘር ነው፤ አልነቅፈውም። ስትናገር ግን በመሐል አንድ ነገር አምልጦሃል፤ አንተ አልሰማኸውም፣ እኔ ሰማሁ። በላጤነትህ የተከራየኸውን ክፍል እስከ ዛሬ አልለቀቅህም። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነው። «ለክፉ ቀን ብዬ ነው» አልከኝ።

እስቲ አስበው። ቤት ቢቃጠል የዘመድ ቤት አለህ። ሥራ ብታጣ ያ ክፍል ተጨማሪ ዕዳ ነው። ታዲያ ያ ክፍል የሚጠቅምህ በምን ዓይነት ቀን ነው? አንድ ቀን ብቻ አለ፤ እሷን ትተህ የምትወጣበት ቀን። ክፉ ቀን ያልከው እሱን ነው። ስሙን ለውጠህ አስቀመጥኸው እንጂ።

ሚስትህ ያን ክፍል አይታው አታውቅ ይሆናል። ነገር ግን በቤትህ በተቀመጠች ቁጥር ከሥሯ ድምፁን ትሰማለች። ምን እንደሆነ ስሙን ስላጣችው «እንግዳ ነኝ» ትልሃለች። አንተም ሌላ ዕቃ ትገዛላታለህ፤ እሱም ይንሸራተታል።

ስለዚህ ሌላ ነገር አትግዛ። ሂድና ክፍሉን ልቀቅ። ስትከፍተው ደስ የማይል ነገር ይገጥምህ ይሆናል፤ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የኖረ ነገር ጥሩ አይሸትም። አትፈር። ብቻህንም አትሂድ፤ እሷን ይዘሃት ሂድ፣ ቁልፉንም እሷ ትመልስ። አልጋውን አንዱን ጫፍ አንተ ያዝ፣ ሌላውን እሷ ትያዝ። አልጋ እንደሆነ ለአንድ ሰው አይነሳም።